ሲጋራ ለማቆም የትኛው መንገድ ይሻላል? አዲሱንም አሮጌውንም በአንድ ሚዛን

«ላይት» የሚባለውን ሲጋራ ማጣሪያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ቢያዩት፣ ዙሪያውን በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያገኛሉ። አጫሹ ሲስብ በቀዳዳዎቹ አየር ይገባና ጭሱን ያቀጥነዋል። ጭስ የሚለካው ማሽን ይህን ሲጋራ ስቦ ያገኘው ታርና ኒኮቲን ትንሽ ስለነበር፣ ያው ትንሽ ቁጥር ፓኮው ላይ ታተመ። ማሽን ግን ጣት የለውም። ሰው ሲጋራውን ሲይዝ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ወይም በከንፈሩ ይደፍናቸዋል፤ ኒኮቲኑ ሲያንሰውም ጠለቅ አድርጎ፣ ደጋግሞ ይስባል። «ቀለል ያለውን ይዣለሁ» ብሎ የተጽናናው አጫሽ የድሮው ጉዳት አልቀነሰለትም። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ይህንን በሰፊ ዘገባ ያስቀመጠው በ2001 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ሲጋራው ገበያ ከዋለ ከአሥርት ዓመታት በኋላ።

ይህን ያስቀደምኩት ያኔ ያሳሳተው ሲጋራው ብቻ ስላልነበረ ነው፤ መለኪያውም አሳስቷል። ዛሬ ደግሞ «ለማቆም ይረዳል» የሚባለው ነገር በዝቷል፦ ፓች (ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር)፣ ማስቲካ፣ ክኒን፣ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ)፣ የስልክ መተግበሪያ፣ ጭንቅላት ላይ የሚደረግ ማግኔት። ለራሱ የሚመርጥ አጫሽም ሆነ ለሠራተኞቹ ወይም ለታካሚዎቹ የሚመርጥ ኃላፊ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እናም ምርቶቹን ከመደርደራችን በፊት ሚዛኑን እንያዝ።

## አምስቱ ጥያቄዎች

ከምን ጋር ተወዳድሮ? ያለ ማንም እርዳታ በራሳቸው ለማቆም ከሚሞክሩ መቶ ሰዎች፣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሳያጨሱ የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። አንድ ሻጭ «ከደንበኞቼ ይህን ያህሉ አቁመዋል» ሲል፣ ያለ እሱ ምርት ስንቱ ያቆሙ እንደነበር ካልነገረን ምንም አልነገረንም። ደህና ጥናት ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን አዲሱን፣ ለሌላው ማስመሰያውን (መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ) ወይም ቀድሞ የሚታወቀውን ሕክምና ይሰጣል።

መቼ ተለክቶ? የአንድ ወር ውጤት ብዙ ሰው አታልሏል። በ2016 በ16 አገሮች 8,144 አጫሾች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር። ቫረኒክሊን የተባለውን ክኒን ከወሰዱት ውስጥ ከ9ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ምንም ያላጨሱት 33.5 በመቶ ነበሩ። እስከ 24ኛው ሳምንት የዘለቁት ግን 21.8 በመቶ ናቸው። ሌሎቹ አገረሸባቸው። ስድስት ወር ያልሞላውን ውጤት እኔ ገና እንደ ተስፋ ነው የማየው።

በምን ተረጋግጦ? «አላጨስኩም» የሚል ሰው ሁሉ ይዋሻል ማለት አይደለም፤ ግን ይታፈራል። ስለዚህ በጥሩ ጥናት ተሳታፊው ትንፋሹን በትንሽ መሣሪያ ውስጥ ይነፋል፤ መሣሪያው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠኑን ይናገራል። ችግሩ ይህ ጋዝ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ስለሚወጣ ከትናንት ጀምሮ የታገሠ አጫሽ ሊያልፍ ይችላል። በምራቅ ወይም በሽንት የሚለካው ኮቲኒን (ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚገኘው) ለቀናት ይቆያል፤ ነገር ግን ፓች የለጠፈ ወይም ቬፕ የሚስብ ሰውም ይገኝበታል። አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ፦ መሃል ላይ የጠፉትን ሰዎች ጥናቱ ምን አደረጋቸው? ትክክለኛው አሠራር እንደ አጫሽ መቁጠር ነው። ከስሌቱ የሚያወጣቸው ጥናት ውጤቱን ያሳምራል።

የቀሩት ሁለቱ ስለ ሰውየው ናቸው፦ ለማን አይሆንም? እና ሰው ይቀበለዋል ወይ፣ ከጀመረስ ይዘልቅበታል ወይ? ዋጋም የሚገባው እዚህ ነው።

ቁጥር ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአንድ ጥናት የተገኘን መቶኛ ከሌላ ጥናት መቶኛ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄ ይበልጣል» ማለት አይቻልም፤ ተሳታፊዎቹም፣ ያገኙት ምክርም፣ የአለካኩ ጥብቀትም ይለያያል። የሚነገረን ነገር ያለው በአንዱ ጥናት ውስጥ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

## የኒኮቲን መተኪያ፦ ፓች፣ ማስቲካ፣ የሚመጠጥ ክኒን

የተሳበ ጭስ ኒኮቲኑን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ አንጎል ያደርሳል። ፓች ሰዓታት ይፈጅበታል። የሱሱ ጉልበት ያለው በዚህ ፍጥነት ነው፤ መተኪያው ደግሞ ኒኮቲኑን በዝግታና ያለ ጭስ ስለሚሰጥ ሐራራውን ያበርዳል እንጂ የሲጋራን ደስታ አይሰጥም። «እንደ ሲጋራ አይሆንም» የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው፤ የተሠራውም እንዲያ እንዳይሆን ነው።

በሕክምና ጥናቶች ስብስብ የሚታወቀው ኮክሬን ከመቶ በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ መተኪያው የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አግኝቷል። ፓችን ከማስቲካ ወይም ከሚመጠጠው ክኒን ጋር አጣምሮ መጠቀም ደግሞ አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይበልጣል፤ ፓቹ ቀኑን ሙሉ መሠረቱን ይይዛል፣ ማስቲካው ድንገት ለሚነሣው ሐራራ ይደርሳል።

ሰዎችን ሳማክር ደጋግሞ የገጠመኝ ነገር አለ። «ማስቲካው አይሠራም፣ ስቅታና ቃር ብቻ ነው ያተረፍኩት» የሚለኝን ሰው እፊቴ እንዲያኝክ አደርገዋለሁ። እንደ ማንኛውም ማስቲካ ቶሎ ቶሎ እያኘከ ምራቁን ይውጣል። ኒኮቲኑ የሚገባው ግን በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል ነው፤ የተዋጠው ሆድን ከማቃጠል በቀር እምብዛም አይፈይድም። የአጠቃቀሙ ልክ ይህ ነው፦ በዝግታ ያኝኩት፤ የሚለበልብ ጣዕም ሲመጣ ያቁሙና በጉንጭና በድድ መካከል ያሳርፉት፤ ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና ትንሽ ያኝኩት፤ እንዲህ እያሉ ግማሽ ሰዓት ያህል። ቡናና ለስላሳ መጠጥ አፍን ኮምጣጣ ስለሚያደርጉ ከማኘክዎ በፊት ላለው ሩብ ሰዓት ይተዋቸው። ከእንቅልፍ በነቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ባለ 4 ሚሊ ግራሙን ይውሰድ፤ ባለ 2ቱ አይበቃውም። «አልሠራም» ከሚባለው ስንቱ ልክ ያነሰው ወይም እንዲያው የተኘከ ነው!

ፓች ሌሊት ሕልም ካበዛብዎ ሲተኙ ያንሡት። ቆዳ እንዳይቆጣ በየቀኑ ቦታ ይቀይሩለት።

## ቫረኒክሊንና ሳይቲሲን

ቫረኒክሊን ኒኮቲን አንጎል ውስጥ በሚቀመጥበት ወንበር ቀድሞ ይቀመጣል። በከፊል ስለሚያረካ ሐራራው ይለዝባል፤ ሰውየው ተሳስቶ ቢያጨስ እንኳ ኒኮቲኑ ወንበሩን ተይዞ ያገኘዋልና ሲጋራው ጣዕሙ ይጠፋል። ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት በፊት በትንሽ መጠን ይጀመርና 12 ሳምንት ይወሰዳል። ዋናው ቅሬታ ማቅለሽለሽ ነው፤ ከምግብ በኋላ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ መውሰድ ብዙውን ጊዜ ያስታግሰዋል።

ከላይ ባነሣሁት የ2016 ጥናት በ24ኛው ሳምንት ቫረኒክሊን 21.8፣ ቡፕሮፒዮን (ከታች የምመጣበት ሌላ ክኒን) 16.2፣ ፓች 15.7፣ ማስመሰያው 9.4 በመቶ አስመዝግበዋል። እነዚህ በአንድ ጥናት ውስጥ ስለተለኩ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ጥናቱ የታዘዘው ክኒኑ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያመጣል የሚል ስጋት ስለነበረ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ተሳታፊዎች የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያላቸው ሆነው እንኳ ስጋቱ በውጤቱ አልተደገፈም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ከባዱን ማስጠንቀቂያ በዚያው ዓመት መጨረሻ አነሣ። ቢሆንም መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ስሜቱ ቢለዋወጥ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ሳይቲሲን በብዙ አገር «አዲስ» ተብሎ እየገባ ነው። ስሙ እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ላበርነም ከተባለ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ሲሆን በቡልጋሪያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል። ቫረኒክሊንም የተቀመረው የእሱን አወቃቀር መነሻ አድርጎ ነው። በ2011 በፖላንድ በተደረገ ጥናት ከዓመት በኋላ 8.4 በመቶ ለ2.4 በመቶ ሆኖ ማስመሰያውን በልጧል፤ በ2014 በኒው ዚላንድ ደግሞ በስድስተኛው ወር 22 በመቶ ለ15 በመቶ ሆኖ የኒኮቲን መተኪያን። ቫረኒክሊንን በተመለከተ፣ ከእሱ እንደማያንስ ለማሳየት በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት ያሰበውን ማረጋገጥ አልቻለም። የሳይቲሲን ጥቅሙ 25 ቀን ብቻ መውሰዱና ብዙውን ጊዜ ርካሽ መሆኑ ነው። ጉዳቱም እዚያው ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በየሁለት ሰዓቱ አንድ፣ በቀን ስድስት ክኒን። ሰዓት የማይጠብቅ ሰው ይረሳዋል።

ቡፕሮፒዮን መነሻው የድብርት መድኃኒት ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው የሚጨምረውን ክብደት በመጠኑ ይገታል። የሚጥል በሽታ ወይም የአመጋገብ መታወክ ላለበት ሰው ግን ፈጽሞ አይሰጥም።

## ቬፕ

ጭቅጭቁ የሞቀው እዚህ ነው፤ ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል። በ2019 በእንግሊዝ 886 አጫሾች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ገሚሱ የመረጠውን የኒኮቲን መተኪያ ወሰደ፤ ሁለቱም ምክር ያገኙ ነበር። ከዓመት በኋላ 18.0 በመቶ ለ9.9 በመቶ ሆነ፤ ቬፑ በለጠ። በአምስቱ ጥያቄዎች ሲመዘን የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አለፈ።

አምስተኛው ጥያቄ ላይ ነገሩ ይለወጣል። በቬፕ ካቆሙት ውስጥ 80 በመቶዎቹ ከዓመት በኋላም ቬፑን እየሳቡ ነበር፤ በመተኪያ ካቆሙት አሁንም መተኪያ የሚጠቀሙት 9 በመቶ ብቻ። ሲጋራውን ተዉ፣ ኒኮቲኑን አልተዉም። ይህ ለ30 ዓመት ላጨሰ ሰው ትርፍ ሊሆን ይችላል፤ የሚቃጠል ትምባሆ የሚያወጣውን ጭስ አስቀርቷልና። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሳንባው ምን እንደሚመስል የሚነግር ረጅም መረጃ ግን ገና የለም። አጭሶ የማያውቅ ወጣት ሲጀምረውማ ስሌቱ ኪሳራ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለማቆሚያነት አይመክረውም፤ በ2024 ባወጣው የሕክምና መመሪያ ውስጥ የገቡት የኒኮቲን መተኪያ፣ ቫረኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን ናቸው። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ሌላውን በትክክል ሞክሮ ያልሆነለት አጫሽ በቬፕ ሙሉ በሙሉ ቢተካው አልከራከረውም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን የሚያጨሰውን ግን ምንም አላደረገም እለዋለሁ።

## ምክር፣ መልእክት፣ ሽልማት

ርካሹ መንገድ የሐኪም ሁለት ደቂቃ ነው። በ1979 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ሐኪማቸው «ያቁሙ» ብሎ በራሪ ወረቀት የሰጣቸውና ተመልሶ እንደሚጠይቃቸው የነገራቸው አጫሾች ከዓመት በኋላ 5.1 በመቶ አቁመው አገኘ፤ ምንም ካልተባሉት ያቆሙት 0.3 በመቶ ነበሩ። 5 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሐኪም በር የማያንኳኳ አጫሽ ስንት ነው?

የስልክ መልእክትም እንዲሁ። በ2011 በብሪታንያ በ5,800 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የሚያበረታታ መልእክት በተከታታይ የደረሳቸው በስድስተኛው ወር 10.7 በመቶ፣ ሌሎቹ 4.9 በመቶ አቁመዋል፤ በምራቅ ምርመራ የተረጋገጠ ነው። የስልክ መተግበሪያዎች ብዛታቸው እንጂ ማስረጃቸው እዚህ አልደረሰም።

ገንዘብ መሸለም ብዙዎችን ያስቆጣል፤ «ለራሱ ጤና ይከፈለው እንዴ?» ይባላል። ውጤቱ ግን አለ። በ2009 በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ 878 ሠራተኞች ተሳትፈው፣ ሽልማት ከተገባላቸው 14.7፣ ካልተገባላቸው 5.0 በመቶ በዓመቱ አቁመው ተገኙ። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለኃላፊዎች ትልቅ ትምህርት አለው፦ ንጹሕ ሽልማት ከቀረበላቸው 90 በመቶ ተቀበሉ፤ «የራስህን ገንዘብ አስይዝ፣ ካቆምክ ይመለስልሃል» ከተባሉት የተቀበሉት 13.7 በመቶ ብቻ። ማስያዣው ለተቀበለው ሰው ብርቱ ነበር። ግን ማን ተቀበለው? በጠቅላላው ሲታይ ሽልማቱ በለጠ።

## በቶሎ የማልፋቸው

የኒኮቲን ክትባት በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ብዙ አስወርቶ፣ በ2011 በመጨረሻው ደረጃ ከማስመሰያው ሳይሻል ቀረ። በማግኔት አንጎልን ማነቃቃት በአሜሪካ በ2020 ተፈቅዷል፤ ጥናቱ 262 ሰዎች ነበሩበት፣ ያቆሙት 19.4 በመቶ ለማስመሰያው 8.7 በመቶ፣ የተለካው ግን እስከ 18ኛው ሳምንት ነው፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ገና አላለፈም። ሂፕኖሲስና አኩፓንክቸር በአጥጋቢ ማስረጃ አልተደገፉም።

«ቀስ በቀስ እቀንሳለሁ» ስለሚለው፦ በ2016 በእንግሊዝ 697 አጫሾች ሲወዳደሩ በአንድ ጊዜ ያቆሙት በስድስተኛው ወር 22.0 በመቶ፣ ቀስ በቀስ የሄዱት 15.5 በመቶ ሆኑ። በቀን ወደ አንድ ሲጋራ መውረድ ደግሞ ለልብ የሚታሰበውን ያህል አይጠቅምም፤ በቀን አንድ የሚያጨስ ሰው የልብ ሕመም ተጨማሪ አደጋው ሃያ ከሚያጨሰው ግማሽ ያህል እንደሆነ በ2018 የወጣ የጥናቶች ትንተና አሳይቷል። መቀነስ መሸጋገሪያ ከሆነ ደህና፤ መኖሪያ ከሆነ አይደለም።

## ባጭሩ

| መንገዱ | ማስረጃው | ጊዜው | ማን ይጠንቀቅ | ወጪው |
|---|---|---|---|---|
| ፓች ወይም ማስቲካ ብቻውን | ጠንካራ | ከ8 እስከ 12 ሳምንት | ቆዳው ወይም ሆዱ የሚቆጣ | መካከለኛ |
| ፓችና ማስቲካ አንድ ላይ | ጠንካራ፣ ከአንዱ የተሻለ | ያው | ያው | ከፍ ይላል |
| ቫረኒክሊን | ጠንካራ | 12 ሳምንት | ነፍሰ ጡር፣ ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለበት | ከፍተኛ |
| ሳይቲሲን | ጠንካራ፣ በጥናት ብዛት ያንሳል | 25 ቀን | ነፍሰ ጡር፣ ክኒን የሚረሳ | አነስተኛ |
| ቡፕሮፒዮን | ጠንካራ | ከ7 እስከ 12 ሳምንት | የሚጥል በሽታ ያለበት | መካከለኛ |
| ቬፕ | ጠንካራ፣ የሩቁ ጉዳት ገና አልታየም | ገደብ የለሽ ይሆናል | የማያጨስ፣ ወጣት፣ ነፍሰ ጡር | ይቀጥላል |
| ምክርና የስልክ መልእክት | ጠንካራ፣ ውጤቱ መጠነኛ | ወራት | ማንም | በጣም አነስተኛ |
| ሽልማት | ጠንካራ | ከ6 እስከ 12 ወር | በጀት የሌለው ተቋም | በተቋሙ ላይ |

## ለየትኛው ሰው የትኛው?

ገንዘብ ያጠረው ሳይቲሲን ካገኘ በእሱ ይጀምር፤ ካላገኘ ማስቲካውን በትክክለኛው ልክና አኘካክ፣ ከምክር ጋር። መድኃኒትና ምክር ሲጣመሩ ከሁለቱም ለየብቻ ይበልጣሉ፤ ምክሩን የሚተው ሰው በነጻ የሚገኝ ጉልበት ትቶ ሄደ።

በነቃ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለኩስ ከባድ አጫሽ ከቫረኒክሊን ወይም ከተጣመረው መተኪያ በታች አይጀምር።

ነፍሰ ጡር በምክር ትጀምር፤ ክኒኖቹ ለእሷ አይመከሩም፣ የኒኮቲን መተኪያውን ከሐኪሟ ጋር ትወስን። በስኮትላንድ ለነፍሰ ጡሮች የግዢ ኩፖን የሰጠ ጥናት 22.5 በመቶ ለ8.6 በመቶ ውጤት አግኝቷል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። የሲጋራ ጭስ ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ጭሱ ሲቆም እንደ ክሎዛፒን (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) እና ቴኦፊሊን (የአስም መድኃኒት) ያሉት በደም ውስጥ ይጨምራሉ። ካፌይንም እንዲሁ። ባቆመ ሰሞን እጁ የሚንቀጠቀጥና እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ሐራራ ነው ብሎ ሲጨነቅ፣ አንዳንዴ ጥፋቱ እንደ ወትሮው የሚጠጣው ቡና ነው። በግማሽ ይቀንሰው።

ሞክሮ ያገረሸበት ሌላ ምርት ከመፈለጉ በፊት የቀድሞውን ይመርምር፦ ልኩ አንሶ ነበር? ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አቋርጦት ነበር? ብቻውን ነበር? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ያንኑ መንገድ በአግባቡ ይድገመው። ሦስቱም «አይ» ከሆኑ ወደ ሌላው ዓይነት ይሻገር።

ለተቋም የሚመርጥ ኃላፊ አዲስ ነገር ሲቀርብለት ሻጩን ሁለት ቁጥር ይጠይቀው፦ ከመቶ ስንቱ ይቀበሉታል፣ ከተቀበሉትስ ስንቱ በስድስተኛው ወር ከትንፋሽ ምርመራ ጋር አቁመዋል? ሁለቱን አባዝቶ ከነባሩ ጋር ያስተያይ። ራሱ ሊሞክረው ከፈለገም ሠራተኛውን በዕጣ ይክፈል፤ ፈቃደኞቹን ለአዲሱ፣ እምቢተኞቹን ለአሮጌው መድቦ ማወዳደር የፈቃደኝነትን ኃይል መለካት ነው። ብዙው ማገርሸት በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚደርስ፣ የመጀመሪያው የክትትል ስልክ በማቆሚያው ማግስት ይደወል፤ ብዙ ፕሮግራሞች በወሩ መጨረሻ ይደውላሉ፣ ያኔ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ዳግም ሲጋራ ይዟል።